ወለድ ስሙን ሲለውጥ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በቆቦና በዙሪያዋ በተዘረጋው በራያ ቆላ ያደግህ እንደ ሆንህ፥ የብድርን ነገር የምትማረው ከትምህርት ቤት አስቀድሞ ከእናትህ ጓዳ ነው። ክረምቱ ሲገባና የማሽላው ጎተራ ወለሉ ሲታይ እናት ቁናዋን ይዛ ወደ ጎረቤት ትሄዳለች። በእኔ ልጅነት በነሐሴ አንድ ቁና የተበደረ ሰው በኅዳር፥ ጅጉርቲውና ደጋሊቱ ሲወቃ፥ አንድ ቁና ተኩል ይመልስ ነበር። ይህ ከባድ ወለድ እንደ ነበር አሁን አውቃለሁ። ቢሆንም እናቴ፥ ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ፥ የተበደረችው እህል ስንት ሆኖ እንደሚመለስ ሳትጠይቅ ቁናዋን አዘንብላ አታውቅም።

ይህን ማንሣቴ የድሮውን ዘመን ለማመስገን አይደለም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ፥ ኮሌጅ የገባ፥ ባሕር ተሻግሮ በአሜሪካ የሚኖር የእኅቴ ልጅ፥ «ያን ጊዜ የላክህልኝ ገንዘብ በስንት ወለድ ተበድረኸው ነበር?» ብዬ ብጠይቀው መልሱን አላወቀውምና ነው። ይባስ ብሎ ይህን ልጅ የመቶኛ ሒሳብ ያስተማርሁት እኔ ራሴ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ያህል በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ «አንድ ነጋዴ ሃያ በጎች ገዝቶ ቢሸጥ» እያልሁ ስጽፍ ኖሬአለሁ። በጎቹን ስለ ገዛበት ብድር ግን አንድ ቀን አልጠየቅሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ፥ ኋላም እንደ ገና በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ ላይ በተመላለሰ ጊዜ፥ ብዙ ሰው ከሞት ቢተርፍ ከከብቱ አልተረፈም። እኔም በሬዎቼን አጣሁ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈርሞ አገሩ መለስ ሲል፥ ስልኩም ባንኩም ሲከፈት፥ የመጀመሪያ ሥራዬ ወደ አሜሪካ መደወል ሆነ። በጎሊና ወንዝ አጠገብ ላለችኝ መሬት አንድ በሬና የሽንኩርት ዘር እንደሚያስፈልገኝ ነገርሁት። «እሺ አያ፥ ምንም አታስብ» አለኝ። በአራተኛው ቀን 1,000 ዶላር ደረሰኝ፤ በጊዜው የባንክ ምንዛሪ 53,000 ብር ገደማ ነበር። መረቅሁት። ከየት አመጣው ብዬ ግን አልጠየቅሁም። የሚላክልን ገንዘብ እንደ ዝናብ ከላይ የሚወርድ ይመስለናልና ማናችንም አንጠይቅም።

ከሁለት ዓመት በኋላ በጨዋታ መካከል ነገሩ ወጣ። ልጁ ያን ጊዜ እጁ ላይ ምንም ገንዘብ አልነበረውም። የነበረው የዱቤ ካርድ፥ እነርሱ ክሬዲት ካርድ የሚሉት ነው። ካርዱን ይዞ ከኤቲኤም ማሽን ፊት ቆመና በሁለት ቀን 500፥ 500 ዶላር አወጣ። «ማሽኑ ያው የምናውቀው ማሽን ነው ብዬ» አለኝ። በዚህ አነጋገሩ ውስጥ ስሕተቱ ሁሉ አለ። በአገራችን በብዙ ሰው ኪስ ያለው የባንክ ካርድ የባለቤቱን የራሱን ገንዘብ የሚያወጣ ነው፤ በሒሳቡ 200 ብር ካለው 200 ብር ያወጣል፥ ከሌለውም ባዶ እጁን ይመለሳል። የዱቤ ካርድ ግን መልኩም መጠኑም አንድ ሆኖ ሳለ የሚያወጣው የሌላ ሰው ገንዘብ ነው። ከቆቦ የሄደ ልጅ በማሽን ፊት ሲቆም እጁ የለመደውን ያደርጋል፤ ለመበደር እንደ ሄደም አይሰማውም።

ልጁ የሒሳቡን ወረቀት ፎቶግራፍ አንሥቶ በስልክ ላከልኝ። እኔም የጡረታ ሰው ነኝና ጊዜ አለኝ፤ መነጽሬን አድርጌ ሁለት ሌሊት አነበብሁት። ያገኘሁትን ልንገርህ፤ እርሳስህን አንሣና አብረኸኝ ቁጠር።

ገንዘቡ በወጣበት ቀን አስቀድሞ ከመቶ 5 ተቆረጠ፤ ይኸውም ከ1,000 ዶላር 50 ዶላር ነው። ስሙ ወለድ አይደለም፥ «ክፍያ» ይባላል። ይህ 50 ዶላር በዕዳው ላይ ተደመረና ዕዳው 1,050 ሆነ። ከዚያ በዓመት ከመቶ 29 ወለድ መቆጠር ጀመረ። በዚህ ካርድ ዕቃ ቢገዛና የወሩን ሒሳብ በቀኑ አሟልቶ ቢከፍል ምንም ወለድ አይቆጠርበትም ነበር፤ ሒሳቡ ከደረሰው ጀምሮ ቢያንስ 21 ቀን ፋታ አለው። ለጥሬ ገንዘብ ግን ፋታ የለም፤ ብሩ ከማሽኑ አፍ ከወጣበት ቀን አንሥቶ ይቆጠራል። በሠላሳ ቀን ወለዱ 25 ዶላር ይሆናል። እንግዲህ ለአንድ ወር ብድር 50 እና 25፥ በድምሩ 75 ዶላር ተከፈለ ማለት ነው። የማሽኑ ባለቤት ለብቻው የወሰዳት ጥቂት ዶላርና የሐዋላው ዋጋ አለ፤ እርሱን እንኳ እንተወው።

ከ1,000 በአንድ ወር 75! በአሥራ ሁለት ወር ብታባዛው ከመቶ 90 ነው። ወረቀቱ ላይ በትልቁ የተጻፈው ግን 29 ነው። ውሸት ነው አልልም፤ 50 ዶላሯም በሌላ ቦታ በአነስተኛ ፊደል ተጽፋለች። እውነትን ለሁለት ከፍሎ በሁለት ገጽ ላይ ማስቀመጥ ምን ይባላል? ስም አላገኘሁለትም።

በእኛ አገር አራጣ አበዳሪ ለ100 ብር በወር 10 ብር ይቀበላል ሲባል ሰምተህ ይሆናል። ሁላችንም እንረግመዋለን፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም አራጣን በወንጀል ያስቀጣል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችንም፥ ያ በ1952 ዓ.ም. የወጣው፥ ሰው ለሰው ሲያበድር ከመቶ በዓመት ከ12 በላይ ወለድ እንዳይዋዋል ተወስኗል፤ የወለዱን ልክ በጽሑፍ ካልወሰኑትም 9 ነው። የእኅቴ ልጅ እንግዲህ በዚያ በሠለጠነው ከተማ፥ ብርሃን በሞላበት ሕንፃ ሥር፥ በመጀመሪያው ወር ለ100 ዶላር 7 ዶላር ተኩል ከፈለ። ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ ብር ከሚቈጥረው አራጣ አበዳሪ በሁለት ተኩል ብቻ ያነሰ መሆኑን ተመልከት። ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ግን የካርዱ ወደ ሁለት ተኩል ገደማ ይወርዳል፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ እኔም እንደ እነርሱ እውነትን የምከፍል እሆናለሁ። ስለዚህም ክፍያው እጅግ የሚከብደው ቶሎ ለሚመልሰው ሰው ነው። በአሥር ቀን ቢመልስ እንኳ 50 ዶላሯ አትመለስለትም።

ቶሎ ያልመለሰውንስ ምን ያገኘዋል? የወሩ ወረቀት ሲመጣ «ዝቅተኛው ክፍያ» የምትባል አነስተኛ ቁጥር በላዩ ትጻፋለች። 36 ዶላር ገደማ ናት። የቤት ኪራይ የከበደው ልጅ ይህችን ሲያይ ደስ ይለዋል። ከ36 ዶላር 25ቱ ወለድ ነው፤ ዋናው ዕዳ የሚጎድለው በ10 ወይም በ11 ዶላር ነው። ልጄ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ ሁኔታ ከፈለ። 400 ዶላር ያህል ሰጥቶ፥ ዓመቱ ሲያልቅ ገና 930 ዶላር ያህል ዕዳ ነበረበት። እኔ በዚያ ጊዜ በሬዬን ጠምጄ አርስ ነበር። በኋላ ሌሊት ሁለተኛ ሥራ ይዞ ዘጋው፤ «ለምን ሌሊት ትሠራለህ፥ ጤናህን ጠብቅ እንጂ» ብዬ በስልክ የመከርሁትም በዚያን ጊዜ ነበር።

ስለ ካርዱ አመጣጥ ጥቂት ልበል፤ ከዚህ የሚማሩት ነገር አለና። እ.ኤ.አ. በ1958 በመስከረም ወር ባንክ ኦፍ አሜሪካ በካሊፎርኒያ ፍሬዝኖ በምትባል ከተማ 60,000 ያህል ካርዶችን በፖስታ ላከ። ሰዎቹ አልጠየቁም፥ አላመለከቱም፤ ደብዳቤ ሲከፍቱ ብድር ከውስጥ ወጣ። ብዙዎቹ ሳይከፍሉ ቀሩና ሌቦችም ገቡበት፤ ባንኩ በመጀመሪያው ጊዜ ብዙ ከሰረ። ዛሬ ቪዛ ተብሎ የሚጠራው ከዚያ የበቀለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የዚያ አገር መንግሥት አበዳሪ ሁሉ የብድሩን ዋጋ በዓመት አስልቶ እንዲናገር ሕግ አወጣ፤ በ2009 ደግሞ ተበዳሪው ከዝቅተኛው ክፍያ አብልጦ ሲከፍል ትርፉ ወለዱ ወደሚከብደው ዕዳ እንዲውል አዘዘ። እንግዲህ ሕጉ እዚያም ቢሆን የወጣው ሰዎች ከተጎዱ በኋላ ነው። ደግሞም ሕጉ ከዝቅተኛው ክፍያ ላይ ያለውን ብቻ ያዝዛል እንጂ ራሱን ዝቅተኛውን ክፍያ አይነካም። በአንድ ካርድ የዕቃም የጥሬ ገንዘብም ዕዳ ያለበት ሰው ዝቅተኛዋን ብቻ ሲከፍል፥ ገንዘቡ ቀላሉን ዕዳ ቢያቃልልና ከባዱ እንደ ተቀመጠ ቢቀር የሚከለክል የለም።

በውጭ አገር ላላችሁ ወንድሞችና እኅቶች አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ማሽን ሳትሄዱ፥ በስልካችሁ በኩል በዱቤ ካርድ ገንዘብ ወደ አገር ስትልኩ፥ ብዙዎቹ ካርድ ሰጪዎች ይህንንም እንደ ጥሬ ገንዘብ ይቆጥሩታል። ያው ክፍያ፥ ያው ፋታ የሌለው ወለድ። ለፋሲካ ወይም ለአረፋ በግ መግዣ ብላችሁ የላካችሁት ገንዘብ በጉ ከተበላ ከብዙ ወር በኋላም ይቆጥርባችኋል።

አሁን ደግሞ ወደ አገራችን። «ይህ የአሜሪካ ወሬ ነው፥ እኛ ምን አገባን፤ በቆቦ የዱቤ ካርድ የያዘ ማን አለ?» የሚለኝ ወጣት አለ። እርሱ ይህን ሲናገር ካርዱ በእጁ ነው፤ ስልክ ተብሎ ይጠራል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. ክረምት ከዳሸን ባንክ ጋር «መላ» የተባለውን ብድርና «እንደኪሴ» የተባለውን፥ ማለት ሒሳብ ሲጎድል የሚሞላውን፥ አገልግሎት አወጣ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ባንኮችም በየስልኩ ብድራቸውን አቅርበዋል። ያለ መያዣ፥ ያለ ዋስ፥ ያለ ደጅ ጥናት ገንዘብ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም፤ ከአራጣ አበዳሪ ደጅ የዳነ ሰው ብዙ ነው። ይህን አልክድም። ነገር ግን «እንደ ኪሴ» የሚለውን ስም ስሰማ እገረማለሁ። ከኪሴ ያወጣሁትን ለማን እመልሳለሁ?

በእነዚህ ብድሮች ዘንድ ወለድ የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ አይሰማም፤ «የአገልግሎት ክፍያ» ይባላል። ለምሳሌ 1,000 ብር ለአንድ ወር ሲያበድሩህ 60 ብር የአገልግሎት ክፍያ ቢጠይቁህ፥ 60 ብር ትንሽ ናት ትላለህ። በዓመት ስታሰላት ከመቶ 72 ናት። በአሥር ቀን ብትመልስና ያችው 60 ብር ካልቀነሰችልህ ደግሞ ከመቶ 200 አልፋ ትሄዳለች። ባንኮች የሚተዳደሩት በብሔራዊ ባንክ መመሪያ እንጂ እኔ በጠቀስሁት የ12 ወሰን አይደለም፤ ሕግ ተጣሰ ብዬ አልከስም። በሃይማኖቱ ምክንያት ወለድ የማይቀበለው ጎረቤቴም፥ በራያ ግማሹ ጎረቤቴ እንዲህ ነው፥ «ይህስ ወለድ አይደለም፥ ክፍያ ነው» ተብሎ ሲሸነገል አይቻለሁ። ወለድ የሌለው ባንክ የሚፈልግ ሰው እንደ ዘምዘም ያለ፥ በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ፥ ለዚሁ የቆመ ባንክ አለለት፤ ቃል በመለወጥ ብቻ ግን ሐራም ሐላል አይሆንም።

ባለፈው ዓመት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በዋጃ መንገድ አገኘኝና ሊሸሸኝ ሞከረ። ያዝሁት። ከአንዱ በስልክ 3,000 ብር ተበድሮ የኳስ ውርርድ ገብቶበታል፤ ቀኑ ሲደርስ ከሌላው ተበድሮ ለፊተኛው ከፍሏል፤ ከዚያ ከሦስተኛው። «መምህር፥ ወለዱ ትንሽ ናት እኮ፥ የምትገድለኝ ብዛቷ ናት» አለኝ። ሒሳቡን ከእኔ በላይ ያውቀዋል፤ ያወቀው ግን ከተያዘ በኋላ ነው። ስለ ውርርዱ ብዙ ልናገር ነበር፥ እርሱ ለብቻው ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

በዚህ ጉዳይ የሚከራከሩኝ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ «ፈርሟል፥ ተስማምቷል፤ ያላነበበ ጥፋቱ የራሱ ነው» ይላሉ። እኔም ወረቀቱን ለማንበብ ሁለት ሌሊት የፈጀብኝ ሰው ነኝ፤ እንግሊዝኛ አንባቢ፥ የሒሳብ መምህር፥ ጡረተኛ። በስልክ መስታወት ላይ በአውራ ጣት እየተገፋ የሚያልፈውን ውል የሽንኩርት ነጋዴ በገበያ መካከል ቆሞ ያንብበው ማለት ለይስሙላ ነው። ሁለተኞቹ የተሻለ ነገር ይናገራሉ፦ «ትንሽ ብር ማበደር ለአበዳሪውም ውድ ነው፤ 500 ብር ለማበደርና 50,000 ብር ለማበደር ድካሙ አንድ ነው፥ መያዣም የለም፥ የሚጠፋም አለ» ይላሉ። ይህ እውነት ነው። የዱቤ ካርዱም ነገር እንዲሁ ነው፤ ዕቃ ሲገዛበት ከባለ ሱቁ የሚቆርጠው ድርሻ አለው፥ ጥሬ ገንዘብ ሲወጣ ግን ባለ ሱቅ የለምና ሁሉን ከተበዳሪው ይወስዳል። ደግሞም ከካርድ ጥሬ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ቸግሮታል ብሎ ይጠረጥረዋል፤ የቸገረውንም ያስከፍለዋል።

እኔ ግን በነፃ ያበድሩ አላልሁም። ክርክሬ በዋጋው ስም ላይ ነው። የቆቦ ገበያ ሴት ሽንኩርት ስትሸጥ «ኪሎው ይህን ያህል ነው» ትላለች እንጂ፥ «ሽንኩርቱ ይህን ያህል፥ የመመዘኛው አገልግሎት ይህን ያህል፥ ከመዘንሁልህ ሰዓት ጀምሮ ደግሞ ይህን ያህል» አትልም። አበዳሪውም ተበዳሪው ጣቱን ከማንሣቱ በፊት፥ በአማርኛ፥ በትልቁ፥ በአንድ መስመር ይጻፍለት፦ ዛሬ 1,000 ትወስዳለህ፥ በሠላሳኛው ቀን 1,060 ትመልሳለህ፥ ይህም በዓመት ከመቶ 72 ነው። ይህን ለመጻፍ ምንም አዲስ ማሽን አያስፈልግም። የማይጻፍበትንም ምክንያት እስካሁን የነገረኝ የለም።

መምህራን ባልደረቦቼንም አልተዋቸውም፤ በጎቹን ተዉአቸው። ሰባተኛ ክፍል ያለ ልጅ ስልክ ይዟል፥ ወይም ነገ ይይዛል። ለእርሱ የመቶኛ ጥያቄ ከዚህ የበለጠ ምን አለ?

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን በራሴና በመሰሎቼ ላይ የማነሣው ክስ ነው። ያን ልጅ ወደ ማሽኑ የላከው ማን ነው? ካርድ ሰጪው በእርግጥ ወጥመዱን ዘርግቷል፤ ከኋላ የገፋሁት ግን እኔ ነኝ። «የለኝም» የሚለውን ቃል ከአፉ ነጥቀነዋል። በውጭ ያለ ልጅ «የለኝም» ካለ ኩሩ ሆነ፥ ዘመዱን ረሳ ይባላል፤ በቅሬው ስሙ ይነሣል። ስለዚህ ከሚዋረድ ይበደራል። ከራያ ወደ ሳዑዲ የወጡት እኅቶቻችንም የመንገዱን የደላላ ዕዳ ሳይጨርሱ የእኛ ጥያቄ ይደርስባቸዋል።

ባለፈው ወር በቅሬ ቁጭ ብለን ሳለ አንድ ጎረቤቴ፥ የዕድሜ እኩያዬ፥ ስልኩን ሰጠኝና ጅዳ ላለችው ልጁ እንድደውልለት ለመነኝ። የቤቱን ጣራ በአዲስ ቆርቆሮ ሊለውጥ 40,000 ብር ይፈልጋል። እኔም ከመደወሌ በፊት «ከየት አምጥታ ትሰጥሃለች?» አልሁት። ሰው ሁሉ ዝም አለ። ጎረቤቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደና «አንተ በሬህን ከገዛህ በኋላ ነው እኮ የምትጠይቀው» አለኝ። እውነቱን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታዬን አይመልስም፤ ቆርቆሮውም እስካሁን አልተለወጠም።